የተጣጠፈ አገር

ካርታውን የሰጠኝ አባ ሙሄ ነው፤
ከአልጋው ሥር ጎትቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣
"እንካ" አለኝ፣ "እኔስ አበቃሁ፤ ወገቤን ጨርሶታል ሐረጎ።"

የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሳለ በሞተር የዞረበት፣
ጎጆ በጎጆ ቆጥሮ ቁጥር በእርሳስ የጻፈበት፣
እጥፋት እጥፋቱ የሳሳ፣ በፕላስተር የታከመ፣
ከእርሱ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የታመመ።

እኔ ደግሞ ስልክ አለኝ፤ ከመሪው ላይ ያሰርኩት፣
ከፒያሳ በዱቤ የወሰድኩት፣ ዕዳውን ገና ያልጨረስኩት።
በውስጡ አንዲት ሴት አለች፤ ቁጣ የማታውቅ፣ ለስላሳ፣
"ጉጉፍቱ" ስትል የምትንተባተብ፣ ቀኝ ግራን ግን የማትረሳ።

ከኮምቦልቻ ተነሳሁ በጨለማ፤
ከኋላዬ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ በረዶ፣
በበረዶው መሃል የፈንግል ክትባት፤
ስንት ዶሮ ይጠብቀኛል ከወይራ አምባ ማዶ።
በረዶ ቀጠሮ አያከብርም፤ ይቆጥርብኛል ጠብ ጠብ እያለ፣
ከቀትር ካለፍኩ ያው ውሃ ነው፤ በውሃ የዳነ ዶሮ የት አለ?

ሐረጎን ወጣሁ እየተጠማዘዝኩ፣ ደሴ ደረስኩ ገና ተኝታ፣
ጦሳ ጉሙን እስከ አንገቱ ስቦ፣ ነዳጅ ቀጂዋ ብቻ ነቅታ።
እስከ አቀስታ ሁለቱም ተስማሙ፤ አስፋልት ማንን ያጣላል?
ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ ይከፋፈላል።

ሴትዮዋ "ወደ ግራ" አለች፤ ግራው ገደል፣ ጅግራ የሚንደረደርበት፤
ካርታው "ቀጥታ" አለ፤ ቀጥታው የሰው እርሻ፣ ባቄላ ያበበበት።
ለእሷ፣ ከሰማይ ለምታየው፣ ገደሉም ሜዳውም እኩል፤
ለእሱ ዘመኑ ቆሟል፣ ገጹ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል።

ከዚያ ሰማያዊዋ ነጥብ ብቻዋን ቀረች፣ በዙሪያዋ ባዶ፣ ወና፤
"እዚህ ነህ" ትለኛለች። አልካድኩም። ግን እዚህ የት ነውና?

ወረቀቱን ታንከሩ ላይ ዘረጋሁ።
ጣቴ መስመሩን ይዞ ሄዶ ሄዶ፣ ወይራ አምባ ሲደርስ — ቀዳዳ።
መንደሯ እጥፋቱ ላይ ነበረች፤ አርባ ዓመት መታጠፍ ምን ዕዳ!
በቀዳዳው ሾልኮ የታየኝ የሞተሬ ቀይ ቀለም ብቻ።
ጠብ፣ ጠብ።

አንዲት ሴት መጣች፣ በቅሎ እየነዳች፣ በቅሎዋ ቆርቆሮ ተጭና፣
"ወይራ አምባን ነው?" አለች፣ ስልኬን ካርታዬን ተራ በተራ አጢና።
"እዚችው ናት።" (እዚችው ግማሽ ቀን ልትሆን ትችላለች፤ አውቃለሁ።)
"የሽበሺን ግራር በግራህ ትተህ ታጠፍ።" "ግራሩ የታል? ሜዳ ነው የማየው" አልኳት፣ "ሜዳ ብቻ አያለሁ።"
"ተቆርጧል እኮ" አለች ስቃ፣ "ካቻምና ለድልድይ ወሰዱት፤
አንተ የነበረበት ጋ ታጠፍ፤ እኛም እዚያው ነን የምንታጠፍበት።"

የነበረበትን አለፍኩ።
ያላየሁትን ግራር በግራዬ ትቼ ታጠፍኩ።
ጉቶ እንኳ አልቀረለትም፤ ጥላው ግን የነካኝ መሰለኝ፤
ፍሬን ያዝኩ።

ደረስኩ። ከስምንቱ ጠርሙስ ሦስቱ ለብ ብሎ ነበር፤
አምስቱ በቃ ለላይኛው ሰፈር።
የታችኞቹ ዶሮ አቅፈው ዝም ብለው አዩኝ፤ እኔም አየሁ ወደ አፈር።

ማታ ቀዳዳውን ባሳየው አባ ሙሄ ራሱን ነቀነቀ፤
"እጥፋት አይደለም" አለ፣ "ጣቴ ነው። እየዳበስኩት አለቀ።"
"ምን ነበረህ እዚያ?" አልኩት። መልስ የለም። ሻዩን አማሰለ፣
ስኳሩ ሟምቶ አልቆ፣ ማንኪያው ግን መዞሩን ቀጠለ።

ፕላስተር ቆርጬ ከጀርባው ለጠፍኩለት፣
በላዩ በእስክሪብቶ "ወይራ አምባ" ብዬ ጻፍኩለት፣
ከጎኗም አንድ ግራር ሣልኩ፣ ዛሬ አፈር ብቻ ካለበት።

ሻዩን ገፋ አደረገና ጎንበስ አለ ወደ እስክሪብቶዬ ዳር፤
"ቅርንጫፉን ሰፋ አድርገው" አለኝ፣ "ሁለት ሰው ያስጠልል ነበር።"